ነጎድጓድ በአሸንዳ፣ መብረቅ በሙጫ፦ የጥንቱ የእንግሊዝ ቴአትር ድምፆች አሠራር

ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ ሰማዩ ብራ ነው። ጣሪያ በሌለው ክብ ግቢ ውስጥ ሰው ተፋፍጎ ቆሟል፤ ዙሪያውን ባሉት ሦስት ደርብ ሰገነቶችም ተደርድሮ ተቀምጧል። ቤቱ ሲሞላ 3,000 ያህል ሰው ይይዛል። ተውኔቱ ግን የሚከፈተው ባሕር ላይ መርከብ በሚያናውጥ ማዕበል ነው። የሚጠፋ መብራት የለም፤ ባሕሩን የሚያሳይ ሥዕልም አልተሰቀለም። ተዋናዩ ገና አፉን ሳይከፍት ተመልካቹን ከለንደን ብራ አውጥቶ ማዕበል ውስጥ የሚከተው ድምፅ ብቻ ነው።

ይህ ሥራ የተለመደ የነበረው ተዋናዩ ጄምስ በርቤጅ በ1576 ከለንደን ቅጥር ውጭ «ቴአትር» የተባለውን ቤት ከሠራበት ጊዜ ጀምሮ ፓርላማው በ1642 ቴአትር ቤቶቹን እስከዘጋበት ጊዜ ድረስ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። የአማርኛ አንባቢ ከዚያ ዘመን ተውኔቶች የተወሰኑትን በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም ያውቃቸዋል፤ «ሐምሌት»ን፣ «ማክቤዝ»ን፣ «ኦቴሎ»ን። እነዚህን ተውኔቶች ስናነብ በቅንፍ ውስጥ «ነጎድጓድና መብረቅ»፣ «መድፍ ይተኮሳል»፣ «ከውስጥ ይንኳኳል» የሚሉ ትእዛዞችን በዓይናችን ዘለል አድርገናቸው እናልፋለን። እያንዳንዱን ትእዛዝ ግን በእጁ ይሠራ የነበረ ሰው ነበረ።

አሠራሩ የሚገባን መጀመሪያ ቤቱ ሲገባን ነው። መድረኩ ወደ ግቢው ተሳቦ የወጣ የጣውላ ወለል ነው። በላዩ በሁለት ምሰሶ የተደገፈ ጣሪያ አለው፤ ስሙም «ሰማይ» ይባላል። ከሰማዩ በላይ ትንሽ የእንጨት ጎጆ አለች። ከመድረኩ ወለል በታች ባዶ ቦታ አለ፤ እሱ «ሲኦል» ይባል ነበር። ከኋላ ደግሞ በሮች ያሉት ግድግዳ፣ ከግድግዳው ጀርባም ተዋንያን ልብስ የሚቀይሩበት ክፍል ይገኛል። እንግዲህ ድምፅ ከላይ፣ ከታች ወይም ከኋላ ሊመጣ ይችላል። ተመልካቹም ከየት እንደመጣ ሲሰማ የማን እንደሆነ ይገባው ነበር። የሐምሌት አባት መንፈስ «ማሉ» እያለ የሚጮኸው ከወለሉ ሥር ነው። በ«አንቶኒና ክሊዮፓትራ»ም ወታደሮች በሌሊት ጥበቃ ላይ ሳሉ የትንፋሽ መሣሪያዎች ዜማ ከመድረኩ ሥር ይሰማል። ወታደሮቹ ከአየር ነው ወይስ ከመሬት እያሉ ይጠያየቃሉ፤ አንደኛው የሚወደው አምላክ አንቶኒን ትቶት መሄዱ ነው ይላል። ያ ዜማ ከኋላ ክፍል ቢነፋ ኖሮ ግብዣ ይመስል ነበር። ከወለሉ ሥር ሲመጣ ግን ጣውላው ሹል የሆነውን ድምፅ ይይዘዋል፤ የሚያልፈው የታፈነው ወፍራም ድምፅ ነው። በግቢው የቆመው ሰው ደረቱ ከወለሉ ጠርዝ ጋር ስለሚስተካከል ንዝረቱ ጭምር ይደርሰው ነበር።

ከሁሉም የበለጠ ልፋት የሚጠይቀው ነጎድጓዱ ነው። መሣሪያውን የምናውቀው ከአንድ ነቃፊ ነው። ጸሐፌ ተውኔቱ ቤን ጆንሰን በ1616 ባሳተመው መቅድም፣ በእሱ ተውኔት ውስጥ «ነጎደ» ለማለት ኳስ እንደማይንከባለል፣ ማዕበል መምጣቱን ለመንገርም ከበሮ እንደማያጓራ ጽፏል። እሱ ሊነቅፍ የጻፈው ለእኛ የዕቃ ዝርዝር ሆነልን፤ የሚንከባለል የብረት አረርና ከበሮ።

አረሩ የሚንከባለለው ከላይ ባለችው ጎጆ ውስጥ፣ በእንጨት አሸንዳ ላይ ነው። አሸንዳው ከወለሉ ተሸካሚ ወራጆች ጋር ጥብቅ ተደርጎ መመታት አለበት፤ የሥራው ምሥጢር እዚህ ላይ ነው። አረር በራሱ ብዙ ድምፅ የለውም፤ አፈር ላይ ቢያንከባልሉት ማንም አይሰማውም። በእንጨት ላይ ሲሄድ ግን ክብደቱ ጣውላውን ያንቀጠቅጠዋል፤ ጣውላው ወራጁን፣ ወራጁ የጎጆውን ወለል በሙሉ። ያ ወለል ደግሞ ከሥር ሲታይ የመድረኩ «ሰማይ» ነው። በዚህ ዓይነት ሰፊ የሳንቃ ጣሪያ እንዳለ እንደ ከበሮ ቆዳ ይርገበገባል፤ ወፍራሙ ድምፅም በቀጥታ ወደ ግቢው ይወርዳል። ቤቱ ራሱ መሣሪያ ነበር ማለት ነው። አሸንዳው ተነጥሎ ቢቀመጥ ወይም ከሥሩ ጨርቅ ቢነጠፍ የሚሰማው የአረሩ ኮርኮር ብቻ ይሆናል፤ ነጎድጓዱ ይጠፋል።

ቁልቁለቱም ልክ አለው። በጣም ካዘነበለ አረሩ በቅጽበት ወርዶ መጨረሻው ላይ ይላተማል፤ እንደ ወደቀ ሣጥን ይሰማል። ካላዘነበለ መሀል መንገድ ላይ ይቆማል። አሸንዳው ለስላሳና ወጥ ከሆነ ደግሞ በርሜል እየተንከባለለ ይመስላል፤ እውነተኛ ነጎድጓድ ያንገራግራል፣ ይሰበራል፣ እንደገና ይነሣልና። ስለዚህ የሳንቃዎቹ መጋጠሚያ ቢንጋደድ ይመረጣል፤ በየመሀሉ ቀጭን እንጨት በአግድም ቢመታበት አረሩ እየዘለለ ይሄዳል። አንድ አረር ብቻውን የሚያልፍ ሠረገላ ነው። ሁለትና ሦስት አረር እየተጠባበቁ ሲለቀቁ፣ የአንዱ ማለቂያ በሌላው መጀመሪያ ላይ ሲደረብ፣ ያኔ ሰማዩ ይሞላል። የጎደለውን የሚሞላው ከበሮው ነው፤ አንድ ጠንካራ ምት ለፍንዳታው፣ ከዚያ አረሩ ለጉርምርምታው፣ በመሀል ከዝቅታ ወደ ከፍታ የሚወጣ ፈጣን የከበሮ ምት።

ይህ ዘዴ በለንደን የተወለደ አይደለም። ጣሊያናዊው የሕንፃ ባለሙያ ሰባስቲያኖ ሰርሊዮ በ1545 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከአዳራሹ በላይ ባለው ወለል ላይ ትልቅ የድንጋይ ኳስ ማንከባለልን መክሯል፤ ጽሑፉ በ1611 በእንግሊዝኛ ታትሟል። ዕድሜውም ረጅም ነው። በ1766 በተከፈተው የብሪስቶል ቴአትር ቤት ጣሪያ ውስጥ የእንጨቱ አሸንዳ እስከ ዛሬ አለ፤ ተጠግኖም በ2016 በ«ንጉሥ ሊር» ማዕበል ላይ ዳግም አረር ተለቆበታል። ብዙ ሰው ሼክስፒርን ሲያስብ በዓይኑ የሚመጣበት ተንጠልጥሎ የሚርገፈገፈው ቀጭን የብረት ሉክ ግን የኋለኛው ዘመን ዕቃ ነው። ድምፁም ይለያል፤ ሉኩ ይንቀጫቀጫል እንጂ ከሆድ አያጓራም።

አረር አንዴ ከተለቀቀ ደግሞ መመለሻ የለውም። ተዋናዩ እየተናገረ ነጎድጓዱ ከመጣ ሁለቱም ይጠፋሉ፤ ቃሉ አይሰማም፣ ነጎድጓዱም ሁካታ ይሆናል። ጸሐፊዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ክፍተቱን በጽሑፉ ውስጥ ይተዉለት ነበር። በ«ንጉሥ ሊር» ሦስተኛ ገቢር «ማዕበሉ እንደቀጠለ ነው» የሚል ትእዛዝ ደጋግሞ ይመጣል፤ ሽማግሌው ንጉሥም ነፋሱንና ነጎድጓዱን እንደ ሰው እየጠራ ያዛቸዋል፣ ይወቅሳቸዋል። የሚጠራው ሰው መልስ ይጠብቃል፤ መልሱ በሚጠበቅበት ቦታ ላይ አረሩ ይለቀቃል። በእኔ እምነት ያ ንግግር ይህን ያህል ኃይል ያገኘው ከላይ ካለው ሠራተኛ ጋር በመፈራረቅ ነው።

ለመብረቁ የሚያገለግለው የደረቀ የዛፍ ሙጫ ነው። ቤቱን በእጣን ለሚያጥን ሰው ነገሩ ቅርብ ነው። የእጣን ፍሬ ፍም ላይ ሲጣል ቀልጦ ይጨሳል እንጂ ቦግ አይልም፤ እሳቱ የሚያገኘው የፍሬውን ገጽ ብቻ ነውና። ያው ሙጫ ግን ተወቅጦ፣ ተነፍቶ፣ እንደ ዱቄት ልሞ በሻማ ነበልባል ላይ ሲበተን እያንዳንዷ ብናኝ በአየር ስለተከበበች ሁሉም በአንድ ጊዜ ትያያዛለች፤ ቢጫ እሳት ቦግ ብሎ ይጠፋል። ሰርሊዮ የጻፈው መሣሪያም ይኸው ነው፤ የሙጫ ዱቄት የያዘ ሣጥን፣ ክዳኑ የተበሳሳ፣ መሀሉ ላይ የበራ ሻማ፤ ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ ወደ ላይ ማንሣት ነው። ዱቄቱ እርጥበት ከጠጣ ይጓጉላል፤ የጓጎለ ዱቄት ደግሞ ጭስ ብቻ ይሆናል። በ1620 የታተመ አንድ ጽሑፍ ፎርቹን በሚባለው ቴአትር ቤት የታየውን «ዶክተር ፋውስተስ» ሲገልጽ፣ ከበሮ መቺዎች በልብስ መቀየሪያው ክፍል ነጎድጓድ እንደሚያሰሙ፣ በ12 ፔንስ የተቀጠሩ ሠራተኞችም በ«ሰማዩ» ላይ መብረቅ እንደሚሠሩ ይናገራል። የሥራ ክፍፍሉን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፤ ድምፁ ከኋላ፣ ብልጭታው ከላይ። የተውኔቶቹ ትእዛዝ «ነጎድጓድና መብረቅ» ብሎ ድምፁን ማስቀደሙም ለብራ ቀን የሚስማማ ነው፤ በፀሐይ ብርሃን ላይ ቦግ የምትል እሳትን ለማየት ሰው አስቀድሞ ቀና ማለት አለበት።

መድፉ ከሁሉም አስፈሪው ነው። በቴአትር ቤት ይተኮስ የነበረው ረጅሙ የጦር መድፍ ሳይሆን ከሙቀጫ ብዙም የማይለይ አጭር የብረት ዕቃ ነው። የተወሰደውም ከኋላ ከሚጎርሱ መድፎች ባሩድ መያዣ ነው። ጥይት አይገባበትም፤ ባሩድ፣ ከባሩዱ በላይ ደግሞ የወረቀት ወይም የሌላ ነገር ውታፍ ይጠቀጠቅበታል። ውታፉ ለምን አስፈለገ? ባሩድ ክፍት ዕቃ ውስጥ ሲቃጠል «ፉፍ» ብሎ ያልቃል። ሲወተፍ ግን ጋዙ መውጫ አጥቶ ይታመቃል፤ ውታፉን አስፈንጥሮ የሚወጣበት ቅጽበት ነው የሚፈነዳው። ውታፉ ከላላ ድምፁ ይሞታል። ከጠበቀ ድምፁ ያምራል፤ ነገር ግን ያ ውታፍ እየነደደ ይበራል፣ የት እንደሚያርፍም አይታወቅም።

በ1613 ሰኔ 29 ቀን ግሎብ በተባለው ቴአትር ቤት የሆነው ይኸው ነው። የንጉሥ ሄንሪ 8ኛን ታሪክ የሚያሳይ ተውኔት ላይ፣ ንጉሡ ወደ ካርዲናሉ ግብዣ ሲገባ መድፍ ተተኮሰ። የአንዱ ውታፍ የሣር ክዳኑ ላይ አረፈ። ተመልካቹ ዓይኑ መድረኩ ላይ ስለነበር ጭሱን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። እሳቱ ግን በክዳኑ ውስጥ ውስጡን ሄዶ ዙሪያውን ያዘ፤ ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜም ቤቱ አመድ ሆነ። የሞተ ሰው የለም፤ የአንድ ሰው ሱሪ ተያይዞ በጠርሙስ ቢራ ጠፍቶለታል። በቀጣዩ ዓመት ቤቱ እንደገና ሲሠራ ክዳኑ ሸክላ ሆነ። ከዚያ የከፋው በ1587 የደረሰው ነው። የአንድ ቡድን ተዋናይ ጥይት በጎረሰ ጠመንጃ ተኩሶ ዒላማውን ስቶ ከተመልካቾች መካከል አንድ ሕፃንና አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ገደለ። ባዶ ነው የተባለን መሣሪያ መፈተሽ ያኔም ዛሬም የሰው ነፍስ ጉዳይ ነው።

መድፍ ሌላም ጣጣ አለው፤ ሰዓት አይጠብቅም። በቀስታ የሚነድ ገመድ ወደ መተኮሻው ቀዳዳ ይቀርባል፤ ባሩዱ ወዲያው ሊይዝ፣ ጥቂት ሊዘገይ፣ ከረጠበም ጨርሶ ሊከዳ ይችላል። ስለዚህ ብልህ ጸሐፊ መድፍን በአንድ ቃል ላይ አያስርም። በ«ሐምሌት» ንጉሡ ጽዋ ሲያነሣ ሁለት መድፍ ይተኮሳል፤ ሆሬሽዮም «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ተኩሱ ትንሽ ቢቀድም ቢዘገይም ጥያቄው አይበላሽም። በመጨረሻው ፍልሚያ ደግሞ ንጉሡ ራሱ ምልክቱን ይቀባበልላቸዋል፤ ነጋሪቱ ለመለከቱ ይንገር፣ መለከቱ ውጭ ላለው መድፈኛ፣ መድፉም ለሰማይ ይላል። ለተመልካቹ ይህ የንጉሥ ግርማ ነው። ለሠራተኞቹ ግን ትክክለኛ የሥራ ቅደም ተከተል ነው። መድፈኛው የንጉሡን ድምፅ ላይሰማ ይችላል፤ መለከቱን ግን ማንም አይስተውም።

መለከትና ከበሮ ለብቻቸው ቋንቋ ነበሩ። ተውኔቱ ሊጀመር ሲል መለከት ሦስት ጊዜ ይነፋል። ጦር ሜዳው መድረክ ላይ ስለማይገባ ውጊያው ከግድግዳው ጀርባ በድምፅ ይሠራል፤ የከበሮ ምት፣ መለከት፣ የጎራዴ ፍጭት፣ የሰው ጩኸት። ክተት፣ ማፈግፈግና ለድርድር መጥራት የየራሳቸው ዜማ ነበራቸው፤ ተመልካቹም ያውቃቸው ስለነበር ማን እያሸነፈ እንደሆነ ሳያይ ይረዳ ነበር። መኳንንቱም የየራሳቸው አጭር የመለከት ጥሪ ነበራቸው። በ«ንጉሥ ሊር» መለከት ሲሰማ «የማን መለከት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ የንጉሡ ልጅ ሬጋን «አውቀዋለሁ፣ የእኅቴ ነው» ትላለች። «ከሩቅ» ወይም «ዝቅ ያለ» የሚል ትእዛዝ ሲመጣ ደግሞ መምታቱን ማለዘብ ብቻውን አይበቃም፤ ቀስ ተብሎ የተመታ ከበሮ ቅርብ ሆኖ ቀስ ያለ ነው የሚመስለው። ሩቅ የሚያስመስለው ሹሉን ድምፅ መግደል ነው፤ ከበሮው ላይ ጨርቅ ማልበስ፣ ወይም መቺውን ወደ ውስጥ አስገብቶ በሩን መዝጋት።

ደወል ቀላል ሥራ ይመስላል። የነጋዴው የፊሊፕ ሄንስሎ መዝገብ በ1598 ከቡድኑ ዕቃዎች መካከል ሦስት መለከት፣ አንድ ከበሮና አንድ ስብስብ ደወል ይቆጥራል። ችግሩ ቁጥሩ ነው። በ«ዶክተር ፋውስተስ» መጨረሻ ሰዓቱ 11 ይመታል፤ ነፍሱን ለሰይጣን የሸጠው ፋውስተስ ሊያስረክባት የቀረው አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ጥቂት ተናግሮ ግማሽ ሰዓቱ ይመታል፤ ከዚያ 12። 60 መስመር በማይሞላ ንግግር ሙሉ ሰዓት ያልፋል፤ ተመልካቹም የሚቆጥረው ደወሉን ነው። መዶሻ የያዘው ሰው አንዷን ከዘለለ ሞት ተሳስቶ መጣ ማለት ነው።

ስለ ወፎቹ ደግሞ መሬቱ ራሱ መሰከረ። ከርተን የተባለው ቴአትር ቤት በነበረበት ቦታ በ2016 በተካሄደ ቁፋሮ የሸክላ የወፍ ፉጨት ተገኝቷል። የዚህ ዓይነቱ ፉጨት ውኃ ተጨምሮበት ሲነፋ ትንፋሹ ውኃውን እያንቦጫረቀ ያልፋልና ድምፁ እንደ ወፍ ይርበተበታል። ደረቁን ከተነፋ ቀጥ ያለ ፉጨት ብቻ ነው፤ ውኃው ከበዛ ደግሞ ይንገዋገዋል።

ይህ ሁሉ በአንድ ሰው እጅ ይቀናጅ ነበር፤ የተውኔቱን መጽሐፍ የሚይዘው ሰው። በመጽሐፉ ኅዳግ ላይ «መለከት»፣ «ደወል» እያለ ምልክት ያደርጋል። በልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥም የየትዕይንቱ ገቢና ወጪ የተጻፈበት ትልቅ ሰሌዳ ይሰቀል ነበር፤ ከተረፉት ጥቂቶቹ አናታቸው ላይ ችንካር የሚገባበት ቀዳዳ አላቸው። ከላይ ያለው ሠራተኛ ግን ሰሌዳውን አያይም፤ ጆሮውን አቁሞ የተዋናዩን የመጨረሻ ቃል መጠበቅ ነበረበት።

የሼክስፒር ቡድን ከ1609 ገደማ ጀምሮ ብላክፍራየርስ የተባለውን ባለጣሪያ አዳራሽ ሲጠቀም ሚዛኑ ተለወጠ። አዳራሹ 20 ሜትር በ14 ሜትር ያህል ነው፤ በሻማ ይበራል። እዚያ ውስጥ መለከት ጆሮ ይበጣል፤ የባሩድ ጭስም መውጫ የለውም። መለከቱን የተካው ኮርኔት የሚባል በቆዳ የተሸፈነ የእንጨት መሣሪያ ነው፤ እንደ መለከት በከንፈር ይነፋል፣ እንደ ዋሽንት በጣት ይደፈናል፣ ድምፁም ለስላሳ ነው። በየገቢሩ መሀል ሻማዎቹ እስኪስተካከሉ ሙዚቃ ይሞላበት ነበር።

ከዚህ ሁሉ ባሩድና አረር ይልቅ ምንም መሣሪያ የማይጠይቀው ድምፅ ይበልጥ ያስፈራል። በ«ማክቤዝ» ንጉሡ በተኛበት ከተገደለ በኋላ ከውስጥ በር ይንኳኳል። የሚያስፈልገው እጅና ወፍራም በር ነው። ማክቤዝ ይደነግጣል፣ ሚስቱ ትሰማዋለች፣ ይንኳኳል፣ እንደገና ይንኳኳል፤ ሰካራሙ በረኛ እስኪወጣ ድረስ አያቆምም። በረኛው «ኳ፣ ኳ፣ ኳ» እያለ ድምፁን በአፉ ይደግመዋል፤ በዚህም የሚያንኳኳው ሰው ምቱን ከእሱ ንግግር ጋር ያስማማል። ምቶቹ እኩል ከተራራቁ አናጢ ይመስላል፤ ትዕግሥቱ እያለቀ እንደሚሄድ ሰው መቀራረብና መጠንከር አለባቸው።

ፈረስ ግን መድረክ ላይ አይወጣም። በዚያው ተውኔት ባንኮን ለመግደል ያደፈጡት ሰዎች ፈረሶች እንደሰሙ ይናገራሉ። ወዲያው አንደኛው ፈረሶቹ ዞረው እንደሚሄዱ፣ ባንኮ ግን እንደ ሌላው ሰው ሁሉ ከዚህ እስከ ቤተ መንግሥቱ በር በእግሩ እንደሚሄድ ያስረዳል። ሁለት መስመር ናቸው። ባንኮ ችቦ ከያዘው ልጁ ጋር በእግሩ ሲገባ ፈረሱ የት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ ተመልካች አይኖርም።